እንቅልፍህ እንዴት ነው?

ሬሆቮት ውስጥ፣ ክርያት ሞሼ፣ ከአሮጌው ሕንጻ ሥር፣
ሚቅላት የሚሏት አለች፣ ዐሥራ አራት ቁጥር።
ሳይረን ሲጮህ ሰፈሩ ይከተትባታል፣
ዝም ሲል ቁልፏ እኔ ኪስ ይገባል።

አንዱ ግድግዳዋ የአማርኛ መጽሐፍ ነው፣
አባት ሲሞትባቸው ልጆች ያመጡት ነው፤
ማንበቡን አይችሉት፣ መጣሉ ከብዷቸው፣
«አንጓች ትቀበለን» ብለው፣ በፌስታል ቋጥረው።

ሃያ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ሳጸዳ ኖሬአለሁ፣
ጡረታ ስወጣ መጽሐፍ አድላለሁ።
የመጣን አንባቢ «ምን ትወዳለህ?» አልልም፣
የሚወደውን የሚያውቅ ብዙ አላጋጠመኝም።
«እንቅልፍህ እንዴት ነው?» እላለሁ። በቃ።
የሰው ልክ የሚታየው ሌሊት ሲነቃ።

ሰጠኝ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣል፤
ረጅም ነገር ብሰጠው መሪው ላይ ያንቀላፋል።
ለሱ የስለላውን፣ ምዕራፉ አጭር የሆነውን፣
በየፌርማታው አንድ ሰላይ የሚወርድበትን።

ማንአለብሽ ፋብሪካ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
«ፍቅር ለሥራ ፈት ነው» ትላለች ተሳልቃ።
ሄደች ስል፣ ከደጅ ተመልሳ፣
«እስቲ ያቺን ቀይዋን» ትላለች፣ ድምጿን ቀንሳ።
ስታነባት አራተኛዋ ነው።
የሚጋቡበት ገጽ የእጅ ቅባት አለው።

ኤሊራን ወታደር ነው፣ ዓርብ ዓርብ ይመጣል፤
ንግግሩን ከናቱ፣ ፊደሉን ከኔ ይማራል።
«አንድ ድምፅ ለምን ሦስት ሀ?» ይለኛል ተቆጥቶ፤
መልስ የለኝም። አስፈሪ ታሪክ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል ረስቶ።
ፍርሃት ፊደል ያስሮጣል።
አንዱን ግን ደብቄዋለሁ፣ ከታች፣ ከሳጥን፣
ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው የሚበላበትን።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ የሠራ።
ያን ልብወለድ ጎረቤት ነው ድሮ በኛ ላይ ያወራ።

ስለ ሰማይ መርከብ፣ ስለ ሌላ ዓለም የሚተርከውን፣
ማንም አይነካው ስል፣ ይርዳው ወሰደው አሁን አሁን።
ሰማንያ ዓመቱ ነው። «ምን አዲስ አለበት?
እኔስ መጥቼ የለ፣ በአንድ ሌሊት፣ ወንበሩ በተነቀለበት?»

አሁን ደግሞ ወፍራሟ፣ ባለ ጥቁር ሽፋኗ፣
የወንጀል ናት፤ የለም የመጨረሻው ቅጠሏ።
መርማሪው ሁሉን ሰብስቦ «ገዳዩ...» ሲል ያበቃል፣
ከዚያ ወዲያ የጀርባው ካርቶን ይታያል።
ለሁሉም እሰጣታለሁ፣ ለሚተኛም ለማይተኛው፤
ሲመልሱ፣ ካርቶኑ ላይ፣ በእርሳስ፣ የገመቱት ሰው።
ዐሥራ ዘጠኝ አንብበዋል። ስድስቱ፣ ዘበኛው።
አራቱ፣ ሚስቱ። አንዱ፣ ውሻው።
ማንአለብሽ «ሁሉም» ብላ አሰመረችበት።

ታድሎ ብቻ አልጻፈም። ልብወለድ ይጠላል፤
«ያልሆነ ነገር ምን ሊያስጨንቀኝ?» ይላል።
ግን ጋዜጣ ከልሎ ሦስቴ ጨርሷታል።

በዝናቡ ወር ካፕላን ሆስፒታል ተኛ።
ልጠይቀው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ፣ ወሬ ይዤ።
«አንጓች» አለኝ፣ «ማን ነው?»
ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቅጠሏ አልጠፋችም።
ከመነጽሬ ቤት ውስጥ ናት፣ ታጥፋ። አላነበብኳትም።
መጽሐፏ የመጣች ዕለት፣ ስወለውል ወለሉን፣
ወድቃ አገኘኋት፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅ ምክንያቱን።

አልጋው ጠርዝ ላይ ዘረጋኋት፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ፣
ስሙ ጋ ስደርስ ይዘጋጅ ብዬ ቆምኩ።
ሰማ። አሰበ። ከንፈሩን አጣመመ።
«ደራሲው ተሳስቷል» አለኝ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ደከመ።

ቅጠሏን መልሼ አጠፍኳት።
ካርቶኑ ላይ፣ በኔ ጽሕፈት፣ «ታድሎ» ብያለሁ፤
ከጎኑ ባዶ ነው። ማን ብሎ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ትናንት አንዲት ልጅ መጣች፣ ዣንጥላዋ ይንጠባጠባል።
«እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» አልኳት።
ሳቀች። «እሱ ነው እኮ ያመጣኝ።»
ጥቁሯን ሰጠኋት። ከጀርባዋ ገለጠቻት ወዲያው፣
«መጨረሻዋስ?»
እርሳሱን አቀበልኳት።